ሰርዶው እስኪይዝ

በሸምባት ሠፈር፣ በፉል ቤቱ ደጃፍ፣ ሰው ሁሉ ዳቦውን ቆርሶ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ገና ሳይውጥ፣ ጡረተኛው የባቡር ጣቢያ አለቃ ናዚር ሻፊዕ ከአግዳሚው ተነሱ። ነጭ ጀላቢያቸውን አራገፉ፤ ጥምጥማቸውን አቀኑ፤ የሻይ ብርጭቋቸውን በማንኪያ ደጋግመው መቱ። ጣቢያ ላይ ደወል ሲደወል እንደሚሆነው ሰው ሁሉ ቀና አለ።

«ለሠፈሩ ነዋሪዎች በሙሉ» አሉ፣ የባቡር መነሻ ያስታውቁበት በነበረው ድምፅ፣ «ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ግቢዬን ሣር የማለብስ መሆኑን እየገለጽኩ፣ ሥራው እስኪጠናቀቅ ድረስ ለሚደርሰው መጉላላት ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሽንኩርት ሲታኘክ ብቻ ተሰማ።

«ምን ዓይነት ሣር?» አለ ሥጋ ሻጩ ዘይን።

«ሰርዶ።»

«ሰርዶ! አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ዕድሜውን የጨረሰው ሰርዶ ሲነቅል ነው። ሲሞት እንኳ ጥፍሩ ውስጥ ሰርዶ ነበር። እርስዎ ደግሞ በገዛ እጅዎ ሊተክሉት ነው?»

«ያባትህ ሰርዶ ያለ ሥርዓት የበቀለ ነው» አሉ ናዚር። «የእኔ በሰዓቱ ይበቅላል።»

ሲቀመጡ ፉላቸው ቀዝቅዞ ነበር። ቢሆንም በሉት።

ሣሩ ለምን እንዳስፈለገ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ያውቀዋል። የናዚር ግቢ የሠፈሩ ማምሻ ነበር። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ባለቤታቸው በቱል አፈሩ ላይ ውሃ ታርከፈክፋለች፣ ጠፍር አልጋዎቹ ይወጣሉ፣ ነጭ አንሶላ ይነጠፍባቸዋል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ናዚር ያወራሉ። ወሬያቸው ሁልጊዜ የሚነሳው ከአትባራ ጣቢያ ነው። ባቡሩ ይንቀሳቀሳል፣ አሸዋ ሐዲዱን ያለብሰዋል፣ አንድ ግመል መንገድ ዘግቶ አልነሳም ይላል፤ ልክ በርበር ጣቢያ ሲቃረቡ በቱል «ሻይ!» ትላለች። ብርጭቆ ይንኳኳል፣ አንዱ ስኳር ጨምሪልኝ ይላል፣ ሌላው ቀልድ ይጀምራል፣ ባቡሩም በርበር ሳይገባ ያድራል። ናዚር «ይቺ ሴትዮ አንድ ቀን እንኳ ወሬ ሳታስጨርሰኝ ልሞት ነው» እያሉ ለዓመታት አማርረዋል።

ቀድማ የሞተችው ግን እሷ ናት፤ ባለፈው የዝናብ ወራት።

በሐዘኑ ሰሞን ግቢው ሰው ሞላው። ከዚያ በኋላም ማምሻው ጥቂት ቀጠለ፤ ነገር ግን «ሻይ!» የሚል ጠፋ። ባቡሩ በርበርን አለፈ። አቡ ሐመድ ገባ። ከአቡ ሐመድ ወዲያ ያለው በረሃ ስም የሌላቸው፣ በቁጥር ብቻ የሚጠሩ ጣቢያዎች ያሉበት ነው። ናዚር አንዱንም ሳይዘሉ በየጣቢያው እየቆሙ የመስመሩ መጨረሻ ሐልፋ ድረስ ሄዱ። በማግስቱም ሄዱ። እንግዶቹ ሐልፋ ከደረሱ በኋላ ወደየቤታቸው በእግር መመለስ ሰለቻቸው።

መጀመሪያ የቀረው ልብስ ሰፊው ባቢክር ነው። «ደረቴ ነው፣ ናዚር። የግቢዎ አቧራ አልስማማኝ አለ።» ቀጥሎ ዘይን፦ «እኔ እኮ ከዶሮ በፊት ተነስቼ የማርድ ሰው ነኝ። አቧራ ስውጥ አምሽቼ ጧት ቢላ አልይዝም።» በመጨረሻ ግድግዳ የሚጋሯቸው የልብ ጎረቤታቸው ሐጂ ኑረዳይም ቀሩ።

«አንተ ሰው» አሉ ሐጂ፣ ዓይናቸውን ሌላ ቦታ አድርገው፣ «ያንን አቧራ የምታስተኛው እሷ ነበረች።»

ናዚር አቧራውን አመኑ። አቧራውን ባያምኑ ሌላ ነገር ማመን ሊኖርባቸው ነው። እንግዲህ ጥፋተኛው አቧራ ከሆነ መድኃኒቱ ይታወቃል፦ ሣር ያለበሱት መሬት አይቦንም። ሣሩ ሲይዝ ሰው ይመለሳል።

ብርዱ እንዳበቃ ሥራ ተጀመረ። ሰርዶ ሙቀት ይወዳል፤ ሰው ጥላ በሚፈልግበት ሰዓት እሱ ፀሐይ ይፈልጋል። ናዚር ዓመታት የተረገጠውን መሬት በዶማ ገለበጡት። ከላይ የነበረውን እንደ ጨው የነጣ ቅርፊት ጠርገው አወጡ፣ ድንጋዩን ለቀሙ፣ የተምሩን ፍሬ ለቀሙ። ከአፈሩ ውስጥ የሻይ ማንኪያዎች ወጡ። በቱል ማንኪያ በጠፋባት ቁጥር እሳቸው በልባቸው ዘይንን ሲጠረጥሩ ነበር የኖሩት። ማንኪያዎቹን አጥበው መሳቢያ ውስጥ አስገቡ፤ ዘይንን ይቅርታ መጠየቁን ግን ለሌላ ቀን አቆዩት።

ከወንዙ ዳር በአህያ ጋሪ ደለል አመጡ። ከርሞ የበሰለ የፍየል ፍግ ጨመሩበት፤ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላልና። አንድ ረጅም ጣውላ በገመድ እየጎተቱ መሬቱን እንደ ጣቢያ መድረክ አስተካከሉት። ሰርዶውን ከወንዙ ዳር ከአትክልት ቦታዎች ጠርዝ ቆርጠው በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው አመጡ፣ አንጓ አንጓውን እየለዩ በትንንሽ ቦዮች ውስጥ አጋደሙት፣ ጫፉን ብቻ አስቀርተው አፈር አለበሱት፣ በእግራቸው ጠቅጠቅ ጠቅጠቅ አድርገው ያንኑ ሰዓት ውሃ ለቀቁበት። የተቆረጠ ሰርዶ ፀሐይ ላይ አይቆይም። ቆሞ ሰላምታ የሚያበዛ ሰው ሣር አይተክልም። ይህ ናዚርን አላስቸገራቸውም፤ ሰላም የሚላቸው አልመጣም።

በግቢው በር ላይ ቀይ ባንዲራ ሰቀሉ። ከባቡር መሥሪያ ቤት ሲሰናበቱ ያልመለሱት ዕቃ እሱና አረንጓዴው ነው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ባቢክር በዚያ ሲያልፍ።

«መስመሩ ዝግ ነው ማለት ነው። ሥሩ እስኪይዝ ማንም አይረግጥም። ሰውም ፍየልም።»

«ኧረ እኛ ምን በወጣን ልንረግጥ! ይያዝልዎ፣ ይያዝልዎ!» አለና ሄደ። ደስ ያለው ይመስል ነበር። ቀይ ባንዲራው እስካለ ድረስ ሠፈሩ ሰበብ መፈለግ አላስፈለገውም።

ሰርዶው መጀመሪያ ገረጣ፤ የሞተ መሰለ። ከዚያ አንድ ጧት ከየአንጓው አረንጓዴ ጥፍር ብቅ አለ። ሙቀቱ ሲበረታ ጣት ሆነ፣ ጣቶቹ ተያያዙ፣ ባዶውን መሬት እየዳሁ አዳረሱት። ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ብቻ እምቢ አለ። እዚያ ጥላ ነው፤ የበቱል ምድጃ የነበረውም እዚያ ነው። ናዚር አንዴ ደግመው ተከሉበት፣ ደግሞም እምቢ አለ፤ ተዉት።

አንድ ሐሙስ ቀዩን ባንዲራ አውርደው አረንጓዴውን ሰቀሉ። ማንም አልመጣም። ባንዲራ ማንበብ ለሁሉ አልተሰጠም ብለው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊድ በር ላይ ቆመው ሦስቱንም በየስማቸው ጠሯቸው።

መጡ። ሐጂ ኑረዳይም፣ ባቢክርና ዘይን ከሣሩ ጠርዝ ላይ ተደርድረው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ።

«ማሻ አላህ» አሉ ሐጂ።

«ምንጣፍ ነው እኮ!» አለ ዘይን። «ይኼንን አይቶ አባቴ ከመቃብሩ ይነሳና ይነቅለዋል።»

«እርገጡ» አሉ ናዚር። «እርገጡ እንጂ! ተከፍቷል።»

አንድ አንድ እግር አሳረፉ። ባቢክር ወዲያው ሳል ጀመረው።

«ምነው? አቧራ የለም» አሉ ናዚር።

«አቧራማ የለም። እርጥበቱ ነው። ለዚህ ደረት ከአቧራ እርጥበት ይብስበታል፣ ናዚር።»

«ጉልበቴም ከእርጥበት ጋር አይስማማም» አሉ ሐጂ ቶሎ ብለው።

ዘይን ዙሪያውን አየ። «ትንኝ» አለ በመጨረሻ። «ሣር ባለበት ትንኝ አይጠፋም። እኔ ደግሞ ደሜ ጣፋጭ ነው።»

ናዚር የትንኝ ወራት እንዳልሆነ ያውቃሉ። ዘይንም ያውቃል። ሻይ ጠጥተው፣ ሣሩን አመስግነው፣ ጫማቸውን በር ላይ አድርገው ሄዱ። ናዚር ያን ዕለት ማታ ሰው ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል ብለው ስድስቱንም ጠፍር አልጋ ሣሩ ላይ አውጥተው አንሶላ አነጠፉ፣ ብርጭቆ ደረደሩ። ከዚያ የውሃውን ጎማ ይዘው ግድግዳው ጥግ ወዳለው ሣር ሄዱ።

ያንን ጥግ ነበር አብዝተው የሚያጠጡት። ሥር የያዘ ሰርዶ በየቀኑ ውሃ አይፈልግም፤ በአንድ ጊዜ በደንብ ይጠጣና እንዲጠማ ይተዋል። ናዚር ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ግን ከተከላው ሰሞን ጀምሮ በየማታው ከግድግዳው ወዲያ ከሐጂ ኑረዳይም ግቢ የጠፍር አልጋ ሲጎተት ሰምተዋል። የዘይንን ሳቅ ሰምተዋል። የባቢክርን ሳል ለመስማት ጆሮ ጥለው ጠብቀዋል፤ ባቢክር አንድም ቀን አላሳለም። ጎማ ይዞ ግድግዳ ሥር የቆመ ሰው ሣር የሚያጠጣ ነው፤ ጎማ ሳይዝ የቆመ ሰው ግን ሌላ ስም አለው። ስለዚህ ያጠጡ ነበር። እነሱ ሲያመሹ ያመሻሉ፤ ውሃውም ይወርዳል።

ያን ዓርብ ማታ ከወዲያ የባቢክር ድምፅ መጣ። «አልጋዎቹን አውጥቶ ይሆናል፤ እንጥራው ይሆን?»

«ይምጣና ሐልፋ ይውሰደን?» አለ ዘይን። «እኔ ትኬት የለኝም።»

ሳቁ። ከዚያ በሳቃቸው ያፈሩ መሰለ፤ ሳቁ ተቆረጠ። የሐጂ ባለቤት ሐጃ ሲትና ቀስ ብለው «ምስኪን» አሉ።

ናዚር ሳቁን ችለውት ነበር። «ምስኪን»ን አልቻሉትም። ጎማውን እንደያዙ ፊታቸውን ወደ ባዶዎቹ አልጋዎች አዞሩና ጮክ ብለው «ግቡ! ግቡ!» አሉ። «እንኳን ደህና መጣችሁ! ከአትባራ ድረስ! ኧረ ጫማችሁን አታውልቁ፣ ሣር ነው እኮ!»

ከግድግዳው ወዲያ አንድ ብርጭቆ ሳህን ላይ ተቀመጠ።

«አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ተሰሙ ሐጂ። «ሰው አግኝቷል።»

ከዚያ ወዲያ የአትባራ እንግዶች በየማታው መጡ። ናዚር ይቀበሏቸዋል፣ ጤና ይጠይቋቸዋል፣ በወፍራም ድምፅ ስለ እነሱ ይመልሳሉ፣ ይስቁላቸዋል። ወሬም ያወሩላቸዋል። ባቡሩ ከአትባራ ተነሳ፤ አሸዋው፤ ግመሉ። ሰው በሌለበት የሚያወራ ሰው ግን ሌላ የሚሰማው ስለሌለ ራሱን ይሰማል። በዚያ ዕድሜያቸው ወሬያቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአድማጩ ወገን ሆነው ሰሙት። አንድ ማታ በርበር ሲቃረቡ ሰለቻቸው። አቡ ሐመድን አሰቡት፤ በቁጥር የሚጠሩትን ጣቢያዎች አሰቧቸው፤ ድካም ተሰማቸው። ወደ ኒሙ ዛፍ ሥር፣ ሣር እምቢ ወዳለው ቦታ አዩና፣ ከግድግዳው ወዲያ ሊሰማ በማይችል ድምፅ «ሻይ» አሉ።

ያን ቀን ባቡሩ በርበር ሳይገባ አደረ።

ጧት መስጊድ በር ላይ ከሐጂ ጋር ተገናኙ።

«እንግዶችህ እንዴት ናቸው?» አሉ ሐጂ። «ድምፃችሁ ይሰማል።»

«ደህና ናቸው። የአትባራ ሰው መቼም ጨዋታ ይወዳል። ካንተም ግቢ ድምፅ ይሰማል።»

«ሬዲዮ ነው።»

«ሬዲዮው ይስቃል።»

«ትያትር እያሰሙ ነው እንጂ።»

«ትናንት ሬዲዮው ‹ዘይን ሆይ፣ ስኳሩን አቀብለኝ› ሲል ሰማሁ።»

ሐጂ ጢማቸውን አሻሹ። «ዘንድሮ ትያትሩ ውስጥ ዘይን የሚባል ሰው አለ» አሉ። «መጥፎ ሰው ነው። ሳይሞት አይቀርም።»

ሁለቱም በቁም ነገር ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተለያዩም።

ግድግዳው ጭቃ ነው። በሠፈሩ ወግ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ሴቶች እበትና ጭቃ አቡክተው ግድግዳቸውን ይለስናሉ። በቱልና ሐጃ ሲትና አንዷ በዚህ፣ አንዷ በዚያ ወገን ሆነው፣ ሳይተያዩ በግድግዳው አናት ላይ እያወሩ ነበር በየዓመቱ የሚለስኑት። ዘንድሮ ሐጃ ሲትና የራሳቸውን ወገን ብቻቸውን ለሰኑ። የናዚር ወገን እንደ ተራቆተ ቀረ። ከሥሩ ሰርዶው ጉልበት ድረስ አድጎ ነበር፤ ከግቢው ሁሉ የለመለመው እሱ ነው።

እርጥበቱ ቀስ እያለ ወጣ። በናዚር በኩል መጀመሪያ ቀለሙ ጠቆረ፣ ከዚያ ጣት የምታስገባ ስንጥቅ ታየች። ናዚር አዩዋት። ጎረቤት ሊጠሩና ሊያሳዩ ይገባ ነበር፤ የጋራ ግድግዳ ነው። ግን የተጠራ ጎረቤት ይገባል፤ ከገባም እንግዶቹን ሰላም ልበል ይላል። ስንጥቋን ጭቃ ሞሏት።

በሐጂ በኩልም ግድግዳው ላብ ላብ ብሎት ነበር። ሐጂ በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ መዳፋቸው ጭቃ ሆነ። «ሂድና ንገረው እንጂ!» አሉ ሐጃ ሲትና። «ምን ብዬ?» አሉ ሐጂ። «ልይ ብሎ ቢመጣ አልጋዎቹን የት ልደብቃቸው? ዘይንን የት ልደብቀው?» እናም አልጋዎቹን ከግድግዳው አራቅ አደረጉ።

የመጀመሪያው ዝናብ ገና ሳይመጣ፣ ነፋስ የሌለበት ማታ ነበር። ናዚር አልጋዎቹን አንጥፈዋል፣ ብርጭቆዎቹን ሞልተዋል፣ ጎማውን ይዘው ግድግዳው ጥግ ቆመዋል። ከወዲያ ባቢክር የሆነ ነገር እያወራ ነበር፤ ሰው በሳቅ ይንፈራፈራል። ናዚርም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ታዲያ ያ ግመል» አሉ ለአትባራ እንግዶች፣ «ሐዲዱ መሃል ተኝቶ አልነሳም አለ። እኔ ባንዲራዬን ይዤ ወርጄ…»

ግድግዳው አልጮኸም። እንደ ደከመው ግመል መጀመሪያ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ በሆዱ ተኛ። እርጥብ ስለነበር አቧራ እንኳ አልተነሳም። ግማሹ በሰርዶው ላይ፣ ግማሹ በሐጂ ግቢ አፈር ላይ ተዘረገፈና ጸጥ አለ።

ከወዲያ የፋኖሱ ብርሃን ነበር። ማንም ውሃ ያላርከፈከፈበት፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ አፈር ነበር። ባቢክር አልጋ ሳይበቃው ቀርቶ እዚያው አፈር ላይ በክርኑ ተጋድሟል፤ አፉ ለሳቅ እንደተከፈተ ቀርቷል። ከዶሮ በፊት የሚነሳው ዘይን ሦስተኛ ብርጭቆውን ይዟል። ሐጃ ሲትና የሻይ ሳህኑን እንደያዙ ቆመዋል። ሐጂ ኑረዳይም ጫማቸውን አውልቀው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል።

ከወዲህ ደግሞ ስድስት አልጋ ነበር። የሻይ ብርጭቆዎቹ እስከ አፋቸው ሞልተዋል። ከስድስቱ አንሶላዎች አንዱም አልተጨማደደም። በመሃሉ ናዚር ሻፊዕ፣ አንድ እጃቸውን ባንዲራ እንደሚያውለበልብ ሰው አንስተው፣ በሌላው ጎማውን ይዘው ቆመዋል።

ሐጃ ሲትና ዓይናቸው ከአልጋ ወደ አልጋ ሄደ፤ ከመጨረሻው አልጋ ወደ ኒሙ ዛፍ ሥር ሄደና እዚያ ቀረ።

ናዚር ጎማውን መዝጋት አላሰቡም። ውሃው የፈረሰውን ጭቃ ዞሮ፣ በሰርዶው መሃል ተስቦ፣ ወደ ሐጂ ግቢ ተሻገረ። የባቢክርን ክርን አራሰ፤ ባቢክር አላሳለም። አቧራውን እያስተኛ ሄዶ ሐጂ ኑረዳይም እግር ሥር ደረሰ፤ ጣቶቻቸው መሃል ገባ።

ሐጂ እግራቸውን አላነሱም።